የውኃ ማጠጫው ዕጣ

አቶ ኤርሳዶ የሚኖሩት ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳቸው በርዝመት አራት እርምጃ፣ በወርድ አንድ ተኩል ናት። በዚህች ቦታ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጀሪካን ጎመን፣ ሁለት ጀሪካን ቃሪያ፣ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ጤና አዳምና አንድ ወንበር አሉ። ወንበሩ የእሳቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚርያም የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ካጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነገሩን በየሳምንቱ ያነሱታል እንጂ ተጣልተውበት አያውቁም።

ሰውዬው ፊደል የቆጠሩት በሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከሆሳዕና መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነው ሲቀጠሩ፣ የያዙት ደብዳቤ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቁት በፖስታው ቀለምና በማኅተሙ ነበር። ከሥራ በኋላ መሠረተ ትምህርት ገቡ። ማንበብ ሲችሉ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ ጡረታ ሲወጡም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ኮምፒውተር የነኩት ደግሞ ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ነው። ልጃቸው ዲና አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጠቻቸው። በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ፤ ዛሬም በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት። ግን ፊደል አይገድፉም።

«ጎመን በጀሪካን» የተባለውን ብሎጋቸውን ከከፈቱ አራት ዓመት አለፈ። በየቅዳሜው አንድ ጽሑፍ ያወጣሉ። ጀሪካን በየትኛው በኩል ቢቆረጥ አፈር እንደማያፈስ፣ ችግኝ በስንት ቀኑ እንደሚዛወር፣ የምድር ቤት ጎረቤት ከላይ ውኃ ሲንጠባጠብበት ምን ተብሎ ይቅርታ እንደሚጠየቅ ጽፈዋል። የሚያነባቸው ሁለት መቶ ሰው ያህል ነው። ከእነዚህ ውስጥ አርባ የሚሆኑት ከጽሑፉ ሥር ይጽፉላቸዋል። አስተያየት ይባላል እንጂ ደብዳቤ ነው፤ ሰላምታ አለው፣ የቤተሰብ ጤና ይጠየቅበታል፣ ከዚያ የጎመኑ ጉዳይ ይቀጥላል። አቶ ኤርሳዶ ለእያንዳንዱ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ይህን ደንብ ማንም አላወጣባቸውም።

ከሁሉም አብልጠው የሚጠብቁት የመምህር ኣምደሚካኤልን ጽሑፍ ነበር። መምህሩ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። አንድ ጊዜ የጎመን ዘር ሊወስዱ ገርጂ ድረስ መጥተው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንዷ ወንበር በተራ እየተቀመጡ ከሰዓቱን ሙሉ አውርተዋል። አቶ ኤርሳዶ ያን ቀን ለሚርያም፣ «አስተማሪ ጠየቀኝ፤ እኔ መለስኩ» ብለው ነበር። ሚርያምም ነገሩ ስለገባቸው ምንም አልቀለዱም።

አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ዲና እንግዳ ይዛ ጠበቀቻቸው። እንግዳው መንግሥቱ ይባላል፤ ጉርድ ሾላ የአትክልት መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ አለው። ዲና የምትሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት ደንበኛ ነው።

«ጋሼ ኤርሳዶ፣ ጽሑፍዎን አነባለሁ» አለ መንግሥቱ። «ግን ሰው አላወቀዎትም። ይህ አሥር ሺህ ሰው ሊያነበው የሚገባ ነገር ነው።»

«ሁለት መቶው ይበቃል» አሉ አቶ ኤርሳዶ፤ አሥር ሺህ የሚለው ቃል ግን ጆሯቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

«አባዬ፣ ጊቭአዌይ እናድርግ ነው የሚለው» አለች ዲና። «እሱ አሥር የውኃ ማጠጫ ይሰጣል። የሚፈልግ ሰው ከጽሑፍህ ሥር ስሙንና ስልኩን ይጽፋል፣ ለሦስት ጓደኞቹ ሼር ያደርጋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። በቃ።»

«በየወሩ» አለ መንግሥቱ። «ለአንድ ዓመት ብንስማማ ደስ ይለኛል። የሱቄ ስም ከሥር ይጻፍ እንጂ ሌላ የምጠይቅዎት የለም።»

አቶ ኤርሳዶ ቶሎ እሺ ወይም እንቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ባዶ ፋይል አወጡ። የመዝገብ ቤት ልማዳቸው ነው፤ ማንኛውም ጉዳይ ፋይል ካልተከፈተለት ጉዳይ አይባልም። በፋይሉ ግራ ገጽ «ይደረግ»፣ በቀኝ ገጽ «ይቅር» ብለው ጻፉ። በግራው ሥር፦ ሰው ይበዛል፤ መስጠት መልካም ነው፤ ሰውዬው በቅንነት ነው የመጣው፤ ዲና ደስ ይላታል። በቀኙ ሥር፦ ለዕቃ የመጣ ሰው ለጎመን ይቀመጣል ወይ? ዕቃው ሲቀርስ? ያልደረሰው ሰው ቅር አይለውም?

ሚርያም ከኋላቸው ቆመው አነበቡና፣ «ዋናውን ረስተኸዋል» አሉ። «ዕጣ ቁማር አይደለም እንዴ? ጸሎት ቤት ምን ትላቸዋለህ?»

«ይህ ቤት በምን ደረሰን?»

«በዕጣ።»

«ታዲያስ?»

«ለቤቱ ተመዝግበን፣ ቆጥበን፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀን ነው። የውኃ ማጠጫው ግን ስም ጽፎ መጠበቅ ብቻ ነው። ልዩነት የለውም ትለኛለህ?»

አቶ ኤርሳዶ ይህንንም በቀኙ ገጽ አሰፈሩት። ሦስት ቀን ፋይሉን ከፈቱ፣ ዘጉ። በመጨረሻ ለመንግሥቱ ደወሉና፣ «አንድ ዙር እንሞክር። የዓመቱን ውል ግን ያንን አይቼ ነው የምነግርህ» አሉት።

ማስታወቂያው ቅዳሜ ጠዋት ወጣ። እስከ እሑድ ማታ መቶ ሃያ ሰው ጻፈ። ማክሰኞ አራት መቶ አለፈ። ዲና ከቢሮ እየደወለች ቁጥር ትነግራቸው ጀመር። አንዱ፣ «የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተጀመረ እንዴ? የእናቴንም ስም መዝግቡልኝ» ብሎ ጽፎ ነበርና አቶ ኤርሳዶ ሳቁ። አንዲት ሴት የመታወቂያዋን ፎቶ ላከች።

ኮምፒውተሩ ራሱ ስሞቹን ሊለቅም እንደሚችል ዲና ነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን በእጅ ያልተመዘገበ ስም አያምኑም። ትልቅ መዝገብ ገዙ፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ቀን ብለው አሰመሩ። በመሥሪያ ቤት ሳሉ የተማሩት አንድ ብልሃት ነበር፦ መዝገብ ቤት የደብዳቤውን ራስጌ ይመዘግባል እንጂ ሆዱን አያነብም። የሰው ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ነው የሚያነበው። ስለዚህ ዓይናቸው እንዳይባክን ከካርቶን ቁራጭ ቆርጠው የላፕቶፑ መስታወት ላይ ደገፉት፤ የጻፈው ሰው ስምና የመጀመሪያው መስመር ብቻ ይታያል፣ የቀረው ይሸፈናል። በዚህ ዓይነት በቀን ከመቶ በላይ ስም መዘገቡ። ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ምሽት። ጎመኖቹን ሚርያም ያጠጡላቸው ጀመር።

ደንቡ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚል ነበር። እሑድ ከተጻፉት መካከል የመምህር ኣምደሚካኤልን ስም ሲያገኙ ደስ አላቸው። የመጀመሪያው መስመር፣ «የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ፣ እንደ ምን ሰነበቱ?» ይላል። ስልክ የለበትም። «ያውቀኛል ብለው ነው» አሉና መዘገቧቸው። ማክሰኞ ከተጻፉት መካከል ያው ስም ዳግመኛ ወጣ። «የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?» ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ሰረዙት። የዓርቡን ሲመዘግቡ ሦስተኛው መጣ፤ ያው ስም፣ ያው አክብሮት።

«ሚርያም፣ ጉድ ነው» አሉ። «መምህሩ ሦስት ጊዜ ተመዘገቡ።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«አንድ ጊዜ ይሳሳታል ሰው። ሦስት ጊዜ ነው እኮ። በዚያ ላይ ስልክ አይጽፉም፤ ሰላምታ ብቻ። ለአንድ የውኃ ማጠጫ ብሎ ሰው እንዲህ ይለማመጣል?» በቀይ እስክሪብቶ ሁለት መስመር አጋደሙበት። የሚያከብሩት ሰው ሲያንስባቸው የራሳቸው ቁመት የቀነሰ ይመስላቸዋል።

ቅዳሜ ዕጣው ወጣ። ስምንት መቶ ሰባ ስም ተቆራርጦ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሚርያም ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር ወረቀት አወጡ፤ ዲና በስልኳ ቀረጸች። ከአሥሩ አንድም አቶ ኤርሳዶ የሚያውቁት ስም አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ የመንግሥቱ ሱቅ ያዘጋጀላቸውን ጽሑፍ ፊታቸው ዘርግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለመጀመሪያዋ ዕድለኛ ደወሉ። ስሟ ዘርፌ ይባላል።

«ጤና ይስጥልኝ። ወይዘሪት ዘርፌ ነዎት? እንኳን ደስ አለዎት፣ የሽልማት ዕድለኛ ሆነዋል። ሙሉ ስምዎንና አድራሻዎን ቢነግሩኝ…»

«ዛሬ ደግሞ በሽማግሌ ድምፅ መጣችሁ?» አለች ዘርፌ።

«ምን አሉ?»

«ትናንት መኪና ደርሶሻል አልከኝ። ከትናንት ወዲያ ሃምሳ ሺህ ብር። ዛሬ ምንድን ነው የደረሰኝ?»

«የውኃ ማጠጫ።»

«ሥራ ተበላሽቷል ማለት ነው እናንተም ቤት» አለች። «በዚህ ዕድሜህ አታፍርም? ሌባ።» ስልኩ ተዘጋ።

አቶ ኤርሳዶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰው ምስጢር በእጃቸው አልፏል፤ አንድ ወረቀት ጠፋ ተብለው አያውቁም። ዲና ሳቋን ለመያዝ ጀርባዋን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባዬ፣ አጭበርባሪዎቹ እኮ ልክ እንደዚህ ብለው ነው የሚደውሉት። ቃል በቃል። ስምህን ንገራት፣ የብሎጉን ስም ንገራት።»

ለሁለተኛው ስማቸውን ነገሩት። «ኤርሳዶ ማን?» አለ። የውኃ ማጠጫው በብር ይቀየር እንደሆነም ጠየቀ። ሦስተኛው መመዝገቡን ረስቶታል፤ ጓደኛው ሼር ሲያደርግ ዝም ብሎ ስሙን ጽፎ ነበር። አራተኛዋ አመሰገነቻቸውና፣ «ለመሆኑ ብሎጉ ስለ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለዲና ሰጡ። ዲና በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰባቱን አሳመነች፤ ሦስቱ አልተገኙም። ዘርፌ እንኳ በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀች።

ዲና ስትሄድ አቶ ኤርሳዶ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ካርቶኑን አነሱት። ከስምንት መቶ ሰው ውስጥ ጎመን የሚል ቃል የጻፈ አንድ ሰው ፈለጉ፤ አንድ ቢያገኙ በፋይሉ በግራ በኩል ሊጽፉት ነው። «እኔም አለሁ።» «ዕድሌን ልሞክር።» «ፈጣሪ ያውቃል።» «ሼር አድርጌአለሁ፣ ቼክ አድርጉ።» ብዙ ወረዱ። ጎመን የሚለውን ቃል ያገኙት እሑድ ከተጻፉት መካከል ነው።

«የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ፣ እንደ ምን ሰነበቱ? በጎመኔ ቅጠል ጀርባ ግራጫ ጥቃቅን ነፍሳት ሰፍረዋል። ቅጠሉም ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ምን ባደርግ ይሻላል ይላሉ? ኣምደሚካኤል።»

ወደ ማክሰኞው ወረዱ። «የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው? ከዕጣው የተነሳ ሥራ እንደበዛብዎ አያለሁ። ነፍሳቱ ወደ አራተኛው ጀሪካን ተሻግረዋል። ሲመችዎ ብቻ።»

የዓርቡን ለማንበብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የተከበሩ አቶ ኤርሳዶ፣ የዘጠኙንም ጀሪካን ጎመን ዛሬ ጠዋት ነቀልኩ። ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ብዬ ነው። ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ፤ ዕጣው በሰላም ይጠናቀቅልዎ።»

መዝገቡን ገልጠው በቀይ ያጋደሟቸውን ሁለት መስመሮች አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ሚርያም ከማድ ቤት፣ «ምን ሆንክ?» ሲሏቸው፣ «ሰው ሲጮኽ ስሙን እየመዘገብኩ ነበር» አሏቸው።

ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሳሊተ ምሕረት በታክሲ ሄዱ። መምህር ኣምደሚካኤል በሲሚንቶ ግቢያቸው ውስጥ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ዘጠኙ ጀሪካኖች ታጥበው፣ አጥሩ ሥር ተደፍተው ተደርድረዋል። አቶ ኤርሳዶ ሰላምታ እየሰጡ ዓይናቸው ወደዚያው ሄደ።

«ምነው ሳይደውሉ?» አሉ መምህሩ፤ ወንበር ለቀቁላቸው። «ቢደውሉ ኖሮ አንድ ነገር እናዘጋጅ ነበር።»

«በስልክ የሚነገር አይደለም የኔ ጉዳይ።» አቶ ኤርሳዶ አልተቀመጡም። ታክሲ ውስጥ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ካርቶኑን፣ መዝገቡን፣ የቀዩን እስክሪብቶ ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። «ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ አላነበብኩም። ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ለውኃ ማጠጫ ብለው ሦስት ጊዜ የተመዘገቡ መስሎኝ በልቤ ናቅሁዎት። ለባለቤቴም ነገርኳት።»

መምህሩ ጋዜጣውን አጠፉት። ፊታቸው መጀመሪያ ጠንከር አለ። «ለውኃ ማጠጫ?» አሉ።

«አዎ።»

«አርባ ዓመት አስተምሬ?»

«እሱን አስቤ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።»

መምህሩ ሊቆጡ እንደሆነ ወይም ሊስቁ ራሳቸውም ያልወሰኑ መሰሉ። ሳቁ ቀደመ፤ ግን አጭር ነበር። «እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም ቅር ብሎኛል» አሉ። «ዓርብ ዕለት ስነቅል፣ ታዋቂ ሆነ፣ እኛን ረሳን ብያለሁ። ከእንግዲህም ላልጽፍ ነበር። ጀሪካኖቹን ልጄ ለከሰል ማስቀመጫ ትፈልጋቸዋለች፤ ትወስዳቸዋለች ዛሬ ነገ።»

አቶ ኤርሳዶ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ገና እንደተቀመጡ ስልካቸው ጮኸ። መንግሥቱ ነበር።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለን። ዕጣው ከወጣም በኋላ የሚመዘገበው አልቆመም፤ አንድ ሺህ ልንሞላ ነው። ሁለተኛውን ዙር መቼ እናውጣ? ውሉንም አዘጋጅቻለሁ።»

«ልጄ፣ ሰጥተኸኛልና አመሰግንሃለሁ» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «ሁለተኛ ዙር ግን አይኖርም።»

«ለምን? ተሳደቡብዎት መሰለኝ፤ ዲና ነገረችኝ። እሱ እኮ ይለመዳል።»

«ስድቡ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም፣ ጫጫታው ስለበዛ።»

«ስሙን እኛ እንመዝግብልዎታ። ሱቅ ውስጥ ልጆች አሉኝ። እርስዎ በእጅዎ አይነኩትም።»

ይህ ደኅና ሐሳብ ነበር፤ አቶ ኤርሳዶ ደኅና ሐሳብን ሳያስቡ አይጥሉም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ አሰቡበት። መምህሩ ለጨዋነት ሲሉ ወደ አጥሩ ማዶ ያዩ ነበር።

«እናንተ ብትመዘግቡም» አሉ በመጨረሻ፣ «ዕድሉን ሊሞክር የመጣው ሰው የሚጽፈው እኔው ቤት ነው። ያፍራል ባለ ጥያቄው። እንዲህ ያለ ወረፋ ሲያይ ትንሿ ጉዳዩን ይዞ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ብሎጉን የከፈትኩት ለባለ ትንሿ ጉዳይ ነው። ስጦታ መስጠት ከፈለግህ፣ ሱቅህ በር ላይ ስጥ፤ መጥቼ እመርቅልሃለሁ። በኔ ቤት ግን ይቅር።»

መንግሥቱ ትንሽ ተከራከረ፤ ዲና ቅር እንደሚላት ተናገረ። «ትቀየመኛለች፣ አውቃለሁ። ልጄ ናት፣ ያልፍላታል» አሉና ተሰናበቱት። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። አሥር ሺህ አንባቢ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ይሆናል፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሀ ሁ ላለ ሰው ግን እንዲህ እንደ ዋዛ የሚተው አይደለም።

መምህሩ ከአጥሩ ዓይናቸውን መለሱ።

«ለመሆኑ» አሉ መምህር ኣምደሚካኤል፣ «መልሱ ምን ነበር?»

«የምኑ?»

«የጥያቄዬ ነዋ። ነፍሳቱ።»

«ክሽክሽ ነው የሚባለው። የሳሙና ውኃ በጥብጠው ከቅጠሉ ጀርባ መርጨት ነው፤ በሦስት ቀን አንዴ።»

«የሳሙና ውኃ ብቻ?»

«ብቻ።»

መምህሩ የተደፉትን ዘጠኝ ጀሪካኖች አዩ፤ አቶ ኤርሳዶም አዩ።

«ዘጠኝ ጀሪካን ጎመን» አሉ መምህሩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በአንድ እፍኝ ኦሞ።»

«እፍኝም አይሞላ። እፍኝ ካደረጉበት ቅጠሉን ያቃጥለዋል።»

«እንግዲያው ይጻፉት» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆነ። «ለቅዳሜ። ስንት ማንኪያ በስንት ሊትር እንደሆነ ሳይቀር። እኔ ከሥሩ እጠይቃለሁ፤ ሁለት ቀን ነው የምጠብቅዎት።» ተነሡና ከጀሪካኖቹ አንዱን አቀኑ። «ይህችን ለልጄ አልሰጣትም።»